ሬንጅ ውስጥ የቀረው ሣር

የሬንጅ ሽታ አፍንጫዬ ላይ አይቆምም፤ ቀጥ ብሎ ወደ ግራ እግሬ ነው የሚወርደው። ከቁርጭምጭሚቴ ከፍ ብሎ የድሮ ጠባሳ አለኝ፤ ሬንጅ በሸተተኝ ቁጥር እሱ ይበላኛል። ባለፈው መጋቢት መሐል ሜዳ መናኸሪያው ጥግ፣ የደብረ ብርሃን ሚኒባሶች በሚጫኑበት በኩል ሳልፍ ድንገት እግሬን በላኝ። ቀና ስል ጎረምሶች በርሜል ጥደው የአስፋልት ጉድጓድ ሊደፍኑ ነው። ያን ዕለት የለበስኩት ግራጫውን ካፖርቴን ነበር፤ ባርኔጣዬም ገና አዲስ ነው። እንደዚያ የለበሰ ሰው ጭስ አጠገብ አይቆምም፤ እኔ ግን ቆምኩ። ጭሱ ወደ ቢጫ ሲያደላ አየሁና «አቃጠላችሁት» አልኳቸው።

«ምኑን አባባ?» አለ አንደኛው አካፋውን ተደግፎ።

«ሬንጁን ነዋ! እንዲህ የነደደ ሬንጅ ጠጠር አይዝም። በዚያ ላይ ሣር አልጨመራችሁበትም።»

ጎረምሶቹ በሣቅ ወደቁ። «አባባ፣ እኛ መንገድ ነው የምንሠራው፤ በሬ አናደልብም!» አለኝ ያው ባለ አካፋው።

ከመካከላቸው ያልሳቀች አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች። ቢጫ ሰደርያ ደርባ፣ የራስ መከላከያዋን በብብቷ ይዛ ጭሱን ታያለች። ጠጋ አለችና «ምን ዓይነት ሣር ነው አባቴ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ደግሞ የሚጠይቀኝ ሰው ካገኘሁ ሚኒባስ አልፎኝ ቢሄድም ግድ የለኝም።

ህሊና ትባላለች። ትውልዷ ራቤል ነው፤ አባቷ ገበሬ ናቸው። እሷ ኢንጂነር ሆና አሁን ለሁለተኛ ዲግሪዋ የምታጠናው ስለ ቃጫ ነው። ሻይ ጋብዣት ቁጭ ስንል ነገሩን አስረዳችኝ። ቃጫን፣ የእንሰት ክርን፣ ያገኘችውን የተክል ክር ሁሉ በአጭር በአጭሩ ትቆርጥና ከአስፋልት ጋር ትደባልቀዋለች። ከዚያ ማሽን ሥር አድርጋ ትጨፈልቀዋለች፤ ምን ያህል ጫና ችሎ እንደተሰነጠቀ ትጽፋለች። «ሬንጅ ሙቀት ሲበዛበት ከጠጠሩ ላይ ይንሸራተታል፤ ብርድ ሲበዛበት ደግሞ ይሰነጠቃል። ክሩ ሁለቱንም ይይዝልናል» አለችኝ። ሻዬን አስቀመጥኩና «ይህን እኔ አንቺ ሳትወለጂ ሠርቼዋለሁ፤ ሥራዬም እስከ ዛሬ አለ» አልኳት። ውሸት አልነበረም። ቢያንስ ያን ዕለት ውሸት አልነበረም።

እኔ ትምህርት ቤት በበሩም አላለፍኩም። ፊደል የለየሁት የመንገድ ሥራ ካምፕ ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ጋዜጣ ነው። የሻይ ቤቱ ባለቤት ጋዜጣውን ገልብጣ ስለለጠፈችው ሁለት ዓመት ሙሉ ያነበብኩት ዘቅዝቄ ነበር። ዛሬም የተዘቀዘቀ ጽሑፍ ከማንም ፈጥኜ አነባለሁ፤ ቢሮ ስገባ ጸሐፊው ፊት ያለው ወረቀት ምን እንደሚል እሱ ሳይነግረኝ አውቀዋለሁ። ቁጥር ያስተማሩኝ ደግሞ የኪሎ ሜትር ድንጋዮች ናቸው፤ አንዱን አልፌ ቀጣዩ ጋ እስክደርስ ድምሩንና ቅናሹን በአፌ እሠራ ነበር። ሬዲዮ እጠግናለሁ። ቤቴን ከመሠረት እስከ ጣራ የሠራሁት ራሴ ነኝ። የሠፈሬ ሰው «ሸዋንግዛው የማያውቀው ነገር ገና አልተፈጠረም» ይላል። አንዳንዱ ለቀልድ ነው የሚለው፤ ይበል፤ ቀልዱም ውስጥ እውነት አለ።

ካምፓችን ከመንዝ መገንጠያ ወረድ ብሎ፣ ገደሉ አፍ ላይ ነበር። ዓመቱን አትጠይቁኝ። መንግሥት ሊለወጥ ነው የሚባልበት ጊዜ ነው፤ ወይም ተለውጦ ወሬው እኛ ጋ አልደረሰም ነበር፤ ጭጋጉ ወሬ አያሳልፍም። እኔ የማስታውሰው ሻይ በአሥር ሳንቲም መሆኑን ነው፤ ዳቦ ከተጨመረበት ስሙኒ። ካኪ ሱሪና ካኪ ኮት አንድ ላይ የለበሰ ሰው ሙሽራ ይመስል ነበር፤ እኔ ሁለቱም ነበሩኝ፤ እሑድ እሑድ በጋለ ጣሳ እተኩሳቸዋለሁ። ካምፑ በር ላይ ከአሮጌ ጎማ በረባሶ ጫማ የሚቆርጥ ሰው ነበረ። ሁላችንም የሱን ጫማ ስለምናደርግ ጭቃ ላይ ስናልፍ ዱካችን የሰው ሳይሆን የካሚዮን ይመስላል፤ አንድ ሹፌር ዱካችንን ተከትሎ ገደል አፍ ድረስ መጥቶ ሲሳደብ ትዝ ይለኛል። ዝናብ ሲሆን ደግሞ ወንዱም ሴቱም ገሳ ይደርብ ነበር። ለዛሬ ልጆች ልንገራችሁ፤ ገሳ ከጓሳ ሣር የሚሠራ የዝናብ ልብስ ነው። አንገቱ ላይ ሣሩ ጠበቅ ተደርጎ ይገመዳል፤ ከዚያ በታች ተለቆ እስከ ጉልበት ይወርዳል፤ ውኃ እንደ ጣራ ክዳን ያንሸራትታል። አሁን በየሱቁ የተሰቀለው ላስቲክ አንድ ክረምት ሳይወጣ ይቀደዳል። ገሳ በደንብ ከተያዘ ከእናት ለልጅ ይተላለፍ ነበር።

ጠጠር በባሬላ ከሚሸከሙት ሴቶች መካከል ደብሪቱ የምትባል የዘመሮ አገር ልጅ ነበረች። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ግን ባሬላው ጫፍ ላይ ስትሰለፍ ከፊት የያዘው ወንድ እንዲሮጥ የምታደርግ ሴት ነበረች። የዚያን ዓመት ክረምት፣ ሰው ሁሉ ገሳውን ለብሶ ሲመጣ፣ እሷ የእህል ጆንያ አንዱን ማዕዘን ወደ ሌላው አጥፋ እንደ ቆብ አናቷ ላይ ደፍታ ትመጣ ጀመር። ውኃው በጆንያው ሰርጎ በጀርባዋ ይወርዳል። የሥራ ግጥም የማወጣው እኔ ነበርኩ፤ በዚያ ካምፕ ውስጥ እንደኔ ግጥም የሚቀናው ሰው አልነበረም። አንድ ጠዋት ከጭጋጉ ውስጥ ብቅ ስትል እንዲህ አልኩ፤

ያቺ የምትመጣው ጭጋግ ተከናንባ፣
ሰው ናት ወይስ ጆንያ ገበያ የሚገባ?

ካምፑ በሙሉ ተቀበለኝ። አካፋ በአካፋ እያጋጩ ቀኑን ሙሉ ዘፈኑት። ከዚያ ወዲያ ደብሪቱ ብሎ የሚጠራት ጠፋ፤ ስሟ ጆንያ ሆነ። ሰርጓ ላይ እንኳ «ጆንያ ተዳረች» ነው የተባለው። ባሏ በሞተ ጊዜም «የጆንያ ባል ዐረፈ» ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እውነቱን ለመናገር እኮራበት ነበር። አንድ ሰው ያወጣው ስም ይህን ያህል ዘመን መቆየቱ ቀላል ነገር አይደለም።

ወደ ሬንጁ ልመለስ። እኔ የካምፑ ሬንጅ አብሳይ ነበርኩ። አለቃችን ታደገ ይባላል፤ ያን ጊዜ የሠራተኛ አለቃ «ካፖ» ነው የሚባለው። ካምፑ ፊት ለፊት መንገዱ በሚጠመዘዝበት ቦታ ከሥር ምንጭ የሚያፈልቅ፣ የአውድማ ያህል ስፋት ያለው ክፉ ቦታ ነበረ። ሰኔ ሲገባ እንደፍነዋለን፤ መስከረም ሲጠባ ተሰነጣጥቆ እናገኘዋለን። ካፖ ታደገ ምንጩን መቆጣት ስለማይችል እኔን ተቆጣ። ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት «ሸዋንግዛው፣ የሚሰነጠቀው አንተ ያበሰልከው ነው። ዘንድሮ ከተሰነጠቀ ማንኪያህን ይዘህ ወደ እናትህ!» አለኝ። ማንኪያ ያለው ባለ ረጅም እጀታውን የሬንጅ መቅጃዬን ነው።

ነገሩ ከነከነኝ። አንድ ገበያ ቀን መሐል ሜዳ ሄጄ ቤት ሲመርጉ ቆሜ አየሁ። የኛ አገር ምርጊት ጭድ አለው፤ ጭዱ ከጭቃው ጋር ይረገጣል፣ ውኃ ይጠጣል፣ እስኪሸት ድረስ ቀናት ይቦካል። እንደዚያ የተመረገ ግድግዳ አይሰነጠቅም። እዚያው ቆሜ «ጭድ ጭቃን ከያዘው ሬንጅን የማይዝበት ምን ምክንያት አለ?» አልኩ። ይህ ሐሳብ የኔ ነው። ማንም አልነገረኝም፣ ከየትም አላነበብኩትም፤ በዚያ ዘመን እንኳን ካምፓችን፣ ትልቁ ቢሮም ይህን ያሰበ ያለ አይመስለኝም። ካፖው ሲሰማ ሳቀ፤ ሆኖም «እስቲ ሞክር» አለኝ። እኔም ከአውድማ ጭድ አምጥቼ፣ ቤት እንደሚመርግ ሰው ውኃ አጠጥቼ ሦስት ቀን አቦካሁት። መንዜ ጭድ ሲያይ የሚታየው ማቡካት ነው። በአራተኛው ቀን እርጥቡን በመንሽ አንሥቼ ከሚፈላው ሬንጅ ውስጥ ከተትኩት። በርሜሉ አጓራ። ሬንጁ አረፋ ደፍቆ እንደ ወተት ገነፈለ። እኔ ወደ ኋላ ስዘል ግራ እግሬ አልደረሰልኝም።

ከዚህ በኋላ ያለውን እንደ ዳዊት ነበር የምደግመው። ሣሩ ወደሚበቅልበት ወደ ጓሳ ወጣሁ፤ በውርጭ ሣሩን አጨድኩ፤ እስኪንኮሻኮሽ በፀሐይ አደረቅኩት፤ በጣት አንጓ ልክ ከተፍኩት፤ ከሬንጁ ጋር ቀላቅዬ ጥምዙን ደፈንኩት። መስከረም ሲጠባ ካፖ ታደገ መጥቶ በጫማው ተረከዝ ደጋግሞ መታው። አንድ ስንጥቅ የለም። «አንተ ሰውዬ፣ ያ ጭንቅላትህ ለባርኔጣ ብቻ አይደለም ለካ» አለኝ። ይህን ታሪክ ሰርግ ላይ አውርቼዋለሁ፣ ማኅበር ላይ አውርቼዋለሁ፣ ልቅሶ ቤትም አውርቼዋለሁ። ልጆቼ ገና «ጥምዙ» ስል ተራ በተራ ይወጣሉ። እኔ ግን በተናገርኩት ቁጥር ውርጩ ጣቴን ሲቆነጥጠኝ ይሰማኛል፤ ይህን ያህል እውነት ነበር።

ህሊና በማግስቱ በፒካፕ ወሰደችኝ። አዲሱ መንገድ በላይ በኩል ስለሚያልፍ አሮጌው ጥምዝ ተጥሏል፤ ካምፑ ከነበረበት የቀረው የሻይ ቤቱ ምድጃ ድንጋይ ነው። ወርደን በእግር ሄድን። አስፋልቱ እንደ ኤሊ ጀርባ ተሰነጣጥቆ ሣር በቅሎበታል። ምንጩ ጋ ስንደርስ ግን ልጅቱ ቆመች። የአውድማ ያህል ስፋት፣ ጥቁር፣ ምንም ያልነካው። ተንበርክኬ በእጄ ዳሰስኩት። ዕድሜዬን ሁሉ ያወራሁት ነገር እንዳወራሁት ሆኖ ሳገኘው ደነገጥኩ፤ ለምን እንደደነገጥኩ አላውቅም።

«አባባ፣ ይህ እኮ ተአምር ነው!» አለች።

«ተአምር አይደለም፤ ሸዋንግዛው ነው» አልኳት።

ህሊናና ሹፌሯ ተመልሰው ከፒካፑ ላይ ክብ አድርጎ የሚቆርጥ ማሽን አመጡ። ከአስፋልቱ የጣሳ መጠን ያለው ድፍን ቁራጭ ወጣ። ህሊና በመዶሻ ቀስ አድርጋ ሰነጠቀችው፤ በመነጽር አየችው፤ ከዚያ በወረንጦ አንድ ነገር ጎተተች። ጥቁር ክር ነው። አብሳ ወደ ፀሐይ ያዘችው።

«ይገርማል፤ ሣሩ የተገመደ ነው» አለች። «ሁለት ሁለት እየሆነ እንደ ገመድ ተጠማዝዟል። አባባ፣ ለምን ገመዱት?»

አየሁት። ተገምዷል። እኔ ያጨድኩትና የከተፍኩት ሣር ማን ገመደው? በዳዊቴ ውስጥ እንዲህ የሚል መሥመር የለም። ዕድሜ ልኬን ካወራሁት ታሪክ ውስጥ የማላውቀው ሰው በሩን ከፍቶ የገባ መሰለኝ።

«ለጥንካሬ ነዋ» አልኳት። የመለሰው አፌ ነው፤ እኔ ገና እያሰብኩ ነበር።

እሷም ጻፈችው። ዓይኗ በራ። «ማንም ገምዶ አልሞከረውም! እኔም ክሩን ዝም ብዬ ነው የምበትነው። የሠራኋቸውን ናሙናዎች ትቼ ሁሉንም እየገመድኩ እንደ አዲስ እጀምራለሁ። የቀረኝ ስድስት ሳምንት ነው፤ ከተሳሳትኩ ዓመቱ አለቀልኝ። ግን እርስዎ በእጅዎ የሠሩት ነገር ነው፤ ካሉኝ አምናለሁ።» ጽሑፏ ላይ ስሜን ከነአባቴ እንደምታሰፍርም ነገረችኝ። የአባቴን ስም ስትጽፍ በተዘቀዘቀው በኩል አነበብኩት። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ቤቴ ገብቼ ደጃፌ ላይ ሣር ይዤ ለመግመድ ሞከርኩ። ጣቴ አያውቀውም። እጄ የሠራውን ሥራ አይረሳም፤ ሬንጅ መቅጃ ብትሰጡኝ ዛሬም ጠብታ አላፈስም። መግመዱን ግን እጄ ጭራሽ አልሠራውም። ቀጥሎ እግሬን አየሁ። ሬንጅ የላጠው እግር እንዴት አድርጎ ጓሳ ወጣ? ውርጩን አስታውሳለሁ፤ ማጭዱን አስታውሳለሁ። ነገር ግን ቆርቆሮ ቤት ውስጥ በጀርባዬ ተኝቼ የጣራውን ሽንሽን ስቆጥርም አስታውሳለሁ፤ ሠላሳ አንድ ነው። ሁለቱም የዚያው ሳምንት ናቸው። አንድ ሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ቦታ አይሆንም። ውርጩ ምናልባት የሌላ ዓመት ነው፤ ቤቴን የከደንኩበት ዓመት ይሆን? እንዲህ እያልኩ ሳምንቱን ሙሉ ስዞር ሰነበትኩ። ልጅቱ ደግሞ በየቀኑ ትደውላለች። «አባባ፣ ግምዱ ወደ ቀኝ ነው ወደ ግራ?» ትለኛለች። አንድ ቀን ወደ ቀኝ አልኳት፤ በማግስቱ ወደ ግራ አልኳት።

ከዚያ ካምፕ ሰው መሐል ሜዳ ውስጥ በሕይወት ያለነው እኔና ደብሪቱ ብቻ ነን። ባሏ ከሞተ በኋላ መንኩሳ እማሆይ ሆናለች፤ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተጀርባ አንዲት ክፍል አላት። እሷ ዘንድ ስደርስ በሯ ላይ ተቀምጣ የበግ ፀጉር ትፈትላለች። ሰማዩ የበልግ ደመና አርግዟል።

«እማሆይ፣ እንደምን ዋሉ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ማነህ? ሸዋንግዛው ነህ እንዴ? ና ቁጭ በል። ስለ ሬንጁ ልትነግረኝ ከሆነ ግን ሰምቼዋለሁ፤ ሰባት ጊዜ ሰምቼዋለሁ።»

«ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት።»

እንዝርቷን አቆመችና አየችኝ። «አንተ? ልትጠይቅ? አሞሃል?»

«ጥምዙ ላይ ሬንጁ ውስጥ ያለው ሣር» አልኩ። ባርኔጣዬን አውልቄ ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩት። «ተቆርጦ ታየ። ተገምዷል። ማን ነው የገመደው?»

ፀጉሩን ከእንዝርቱ ጫፍ ለቀም አደረገችና «እናቴ» አለች።

አልገባኝም። እናቷን አንድ ቀን አይቻቸው አላውቅም፤ እዚያው ዘመሮ ነው የሞቱት። «እናትዎ ካምፑ መጥተው ነበር?»

«አልመጣችም። ገሳዋ ነው የመጣው። ከቤት ስወጣ በእጇ ሠርታ ያለበሰችኝ ገሳ።»

«የለም፣ እማሆይ፤ እኔ ጓሳ ወጥቼ...»

«በየትኛው እግርህ?» አለች። «ቆርቆሮው ቤት ተኝተህ "እናቴን ጥሩልኝ" ስትል የነበርከው ማነው? ደግሞስ ያን ዓመት ጓሳው ዝግ ነበር። ማን ሊያስገባህ?»

ይህን ያህል ዘመን ይህን አላሰብኩም። ጓሳ እንደ ልብ የሚታጨድ ሣር አይደለም። አገሬው ተስማምቶ ለዓመታት ይዘጋዋል፤ በዝግ ጊዜ ማጭድ ይዞ የተገኘ ሰው አገር ይፈርድበታል። እኔ ሰው ሁሉ ፊት በዝግ ጓሳ አጨድኩ እያልኩ ስደነፋ ኖሬያለሁ፤ የሚያውቁት ሽማግሎች አልቀው ነው እንጂ ቢሰሙኝ ኖሮ ያስከስሱኝ ነበር።

እማሆይ ቀጠለች። «እግርህን ካቃጠለህ በኋላ ትኩሳት ላይ ሆነህ "እርጥብ ስለሆነ ነው፤ ደረቅ ቢሆን ኖሮ፣ ደረቅ ቢሆን ኖሮ" ትል ነበር። ካፖው ደግሞ "ቅዳሜ ይደፈን፤ ካልሆነ ይሄ ሰውዬ እግሩ ሲድን ይሂድ" አለ። የምትሄድበት እንደሌለህ ሁላችንም እናውቃለን። ደረቅ ሣር ከየት ይምጣ? ሰኔ ገብቷል፤ ሜዳው ሁሉ ረጥቧል። ደረቅ ሣር ያለው ሰው ትከሻ ላይ ብቻ ነበር። የኔን አወለቅኩና ከተፍኩት። የአንገቱ ግምድ አልፈታ ቢለኝ እንዳለ ቆራርጬ ጨመርኩት።»

«ታዲያ በርሜሉ አልገነፈለም?»

«ማን በርሜል ውስጥ ከተተው? ከትኩሱ ጠጠር ጋር አሸሁትና ሬንጁን ከላይ አፈሰስኩበት። ድርቆሽ ፍርፍር እንደዚያ አይደለም እንዴ የሚሠራው?»

ህሊናም የምትለው ይህንኑ ነው፤ ክሩ መጀመሪያ ከጠጠሩ ጋር፣ ሬንጁ በኋላ። እኔ ግን አንድም ቀን አልጠየቅኩም።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ነገርኩህ እንጂ። እያነከስክ ጥምዙ ጋ ስትመጣ "እንዳልከው አደረግነው" አልኩህ። አንተ እዚያው ላይ ቆመህ ማውራት ጀመርክ፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልጨረስክም። ለካፖውም ሸዋንግዛው እንዳዘዘን ነው አልነው፤ ያለዚያ ያባርርህ ነበር።»

እንዝርቱ ዞረ። እኔ ባርኔጣዬን አየሁ። ገሳዋ በሰኔ ሬንጅ ውስጥ ገባ። ከሰኔ ቀጥሎ ሐምሌ ነው።

«ክረምቱንስ...» አልኩና አልጨረስኩትም።

«ክረምቱንማ አንተ ግጥም አወጣህልኝ» አለች።

አልተቆጣችም። ቢቆጡኝ መልስ አውቃለሁ፤ በዕድሜዬ ስከራከር ተረትቼ አላውቅም። እሷ ግን ፀጉሯን ነው የምትፈትለው። ስንት ሰው በስንት ዓመት ስንት ጊዜ ጆንያ ብሎ እንደጠራት ለመቁጠር ሞከርኩ፤ የኪሎ ሜትር ድንጋይ ያስተማረኝ ቁጥር አልበቃኝም። ይቅርታ ለማለት አፌን ከፈትኩ፤ ከየት እንደሚጀመር አላወቅኩም። ስለ ገሳው ይሆን? ስለ ስሙ? ስለ ሰርጓ?

ስልኬን አውጥቼ ለህሊና ደወልኩ። «ልጄ፣ እንዳትገምጂው» አልኳት። «ግምዱ የገሳ አንገት ነው፤ ለጥንካሬ አይደለም። የድሮ ናሙናዎችሽ ልክ ናቸው። የሠራሁትም እኔ አይደለሁም። ስሜን ሰርዢው።»

«ትናንት ሃያ ናሙና ገምጄ ነበር እኮ አባባ» አለች። ቀጥላም «ይሁን፣ ደግ ነገሩኝ። ግን ሐሳቡስ የማን ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ።

ድምፁ ይሰማት ነበርና እማሆይ እጇን ዘርግታ ስልኩን ወሰደችው። «ልጄ፣ ሐሳቡ የሱ ነው፤ የሱን አትንፈጊው። ሥራው የኔ ነው። የኔን ደብሪቱ ብለሽ ጻፊ። ሌላ ስም ሰው ቢነግርሽ እንዳትጽፊ» አለቻትና ስልኩን መለሰችልኝ።

ያን ጊዜ ዝናቡ ጀመረ። የበልግ ዝናብ በረዶ ቀላቅሎ ነው የሚወርደው። ልሂድ ብዬ ስነሣ ካፖርቴን አየች። «ይበሰብስብሃል፤ እንዴት ያለ ካፖርት ነው» ብላ ወደ ውስጥ ገባች። ስትወጣ በእጇ ባዶ የእህል ጆንያ ይዛለች። «ገሳ የለኝም» አለች።

ተቀበልኩና ማዕዘኑን ለማጠፍ ሞከርኩ፤ እንዴት እንደሚታጠፍ አላውቅም። ክረምት ሙሉ እያየሁ የሳቅኩበትን ነገር አንድ ቀን ልብ ብዬ አላየሁትም። ከእጄ ወሰደችው፣ አንዱን ማዕዘን ወደ ሌላው ከተተችና ጎንበስ በል አለችኝ። ጎንበስ አልኩ፤ አናቴ ላይ ደፋችልኝ። ባርኔጣዬን በካፖርቴ ሥር ሸጉጬ ወጣሁ።

ውኃው በጆንያው ሰርጎ በጀርባዬ ሲወርድ ይቀዘቅዛል። ገበያ ቀን ስለነበር ሰው ሁሉ በየበረንዳው ተጠግቷል፤ መሐል መንገዱን ይዤ የምሄደው እኔ ብቻ ነኝ። መናኸሪያው ጥግ፣ በርሜላቸውን በቆርቆሮ የሸፈኑት ጎረምሶች ቆመዋል። ባለ አካፋው አየኝና አፉን በእጁ ይዞ ሳቀ። «ኧረ ይሄ የማነው ጆንያ? ወዴት ነህ ጆንያ!» ብሎ ጮኸ።

ቆምኩ። ስሜን ልነግረው ነበር፤ ማን እንደሆንኩ፣ እሱ ሳይወለድ ምን እንደሠራሁ። ውኃው በአንገቴ ገባ።

«አቤት» አልኩት።